ስለ ዕዳ ሰብሳቢዎችና ስለ ባለዕዳው መብት

(በተማሪዎች ማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ጸሐፊ በዛሬው ስብሰባ ላይ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ «ስለ ምን ልናገር?» ብለው፣ «ያንን በአክስትህ ላይ የደረሰውን ንገረን» አለኝ። በዚህ መድረክ ላይ ስለ አገርና ስለ ዓለም ታላላቅ ጉዳዮች ብዙ ተብሏል። የእኔ ነገር ግን ከአንዲት ወይዘሮ ማድ ቤት የተነሣ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽነቱ ግን ለሰሚው እንጂ ለደረሰበት ሰው አይደለም። የሕግ ተማሪ አለመሆኔን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ የማቀርበው ሕጉን አንብቤ የተረዳሁትንና በዐይኔ ያየሁትን ነው። ዓመተ ምሕረቱንም የምጠራው በዚሁ በምንኖርበት በአሜሪካን አገር አቆጣጠር ነው።

በአባቶቻችን ዘመን ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ከባለገንዘቡ ጋራ በአንድ ሰንሰለት እጅ ለእጅ ይታሰር ነበር። ይህም ቁራኛ ይባላል። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቶ ቃሉ ብቻ ተርፏል፤ ሰውን አጥብቆ መጠበቅን «በዐይነ ቁራኛ» እንላለን። ሥርዓቱ ጨካኝ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን የሚታሰሩት ሁለቱም ነበሩ። ባለዕዳው ጠያቂውን በዐይኑ ያየዋል፤ ማን እንደ ሆነና ስንት እንዳበደረው ያውቃል። ጠያቂውም ሰንሰለቱ የራሱን እጅ ጭምር ስለሚይዘው ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት ይፈልጋል። እኛ ባለንበት አገር ያለው ሰንሰለት ግን ስልክ ነው። የሚታሰርበትም በአንደኛው ጫፍ ያለው ሰው ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ ያለው ስሙ አይታወቅ፣ መልኩ አይታይ፤ ዕዳው ከማን እንደ መጣም አይናገር።

አክስቴ በዋሽንግተን ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል በማጽዳት ሥራ ይተዳደራሉ። ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ልጠይቃቸው ብሄድ 200 ዶላር ቆጥረው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ብጠይቃቸው ሊነግሩኝ አልፈለጉም ነበር። በኋላ ግን እያፈሩ ነገሩኝ። አንድ ሰው በየቀኑ እየደወለ ለአንድ ሆስፒታል 1,840 ዶላር እንዳለባቸው፣ እስከ ዓርብ ካልከፈሉ ፖሊስ ሥራ ቦታቸው ድረስ መጥቶ እንደሚወስዳቸው ይነግራቸዋል። ወደ ሆቴሉ ደውሎ አለቃቸውን አነጋግሯል። ይባስ ብሎም እዚያው ሕንፃ ውስጥ ለሚኖሩ የቡና ጓደኛቸው ደውሎ «ጎረቤትሽ ዕዳ አልከፍልም ብላለች» ብሎ ነግሯቸዋል።

«በዚያ ሆስፒታል ታክመው ያውቃሉ እንዴ?» አልኋቸው።

«በደጁም አልፌ አላውቅ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ይከፍላሉ?»

«አፉን እንዲዘጋልኝ ነዋ! ልጄ፣ ገንዘቡስ ይሁን፤ ከእንግዲህ ከቡና ጓደኛዬ ፊት በምን ዐይኔ እቀርባለሁ?»

ጓደኞቼ ሆይ፣ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ነው። አክስቴ ሊከፍሉ የተነሡት ለሆስፒታሉ አልነበረም፤ ለይሉኝታ ነበር። ዕዳ ሰብሳቢው የይሉኝታን አማርኛ ስሙን አያውቅም፤ ሥራውን ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ገመናችን እንዳይወጣ ብለን የማናውቀውን ዕዳ እንደምንከፍል ያውቃል።

ለመሆኑ የማያውቁት ሰው ያልተበደሩትን ገንዘብ እንዴት ሊጠይቃቸው ቻለ? በዚህ አገር ዕዳ እንደ እህል ይሸጣል፣ ይለወጣል። አበዳሪው ገንዘቡን ሰብስቤ አላገኝም ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ፣ የባለዕዳዎቹን ስም ዝርዝር አጠቃሎ ለዕዳ ገዢ ኩባንያ ይሸጠዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ታላላቆቹን ዕዳ ገዢዎች መርምሮ በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ገዢዎቹ ለእያንዳንዱ የ1 ዶላር ዕዳ በአማካይ 4 ሳንቲም ብቻ እንደ ከፈሉ ገልጿል። በዚህ ሒሳብ የ1,840 ዶላር ዕዳ ዋጋው 73 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። የአክስቴ 200 ዶላር ብቻውን ዋጋውን መልሶ ከዋጋው የሚበልጥ ትርፍ ያስገኝ ነበር ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አብዛኛውን ጊዜ ገዢው የሚረከበው የስምና የገንዘብ ዝርዝር እንጂ ባለዕዳው የፈረመበትን ወረቀት አይደለም።

ስም ብቻውን ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መጥፎ ማስረጃ ነው። የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን የአባታችን ስም በዚያ ቦታ ይገባል። ያንኑ ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል። በስደት ከመጡት ወገኖቻችን መካከል ደግሞ የተወለዱበት ቀን በትክክል ስላልታወቀ በወረቀታቸው ላይ ጃኑዋሪ 1 ቀን የተጻፈላቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት የአባት ስምና አንድ ዓይነት የልደት ቀን ያላቸው ሁለት ሴቶች በአንድ ከተማ ቢገኙ የሚያስደንቅ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የአሜሪካን መንግሥት ዕዳ ሰብሳቢዎች የሚያደርሱትን በደል አይቶ ልዩ ሕግ አውጥቷል። ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 ነው። ይህን ሕግ የሚያብራራ ሰፊ ደንብም ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ ጸንቷል። ሕጉ የሚገዛው ለሌላ ሰው የሚሰበስቡትንና ሥራቸው ዕዳ መሰብሰብ የሆነውን ነው። ራሱ ያበደረው ባንክ ወይም ሆስፒታል በገዛ ስሙ ሲጠይቅ ይህ የፌዴራል ሕግ አብዛኛውን ጊዜ አይመለከተውም፤ የአንዳንድ ስቴቶች ሕግ ግን እርሱንም ይጨምራል። ሕጉ የሚጠብቀውም ለግል፣ ለቤተ ሰብና ለቤት ፍጆታ የተገባውን ዕዳ ነው። ለታክሲ ሥራ መኪና የገዛ ወንድማችን የመኪናው ዕዳ የንግድ ዕዳ ስለሚሆን በዚህ ሕግ ልከላከል ቢል አይሆንለትም።

ሕጉ ምን ይላል? ሰብሳቢው ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መደወል የለበትም። ለአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ቢደውል፣ ወይም አንድ ጊዜ ካነጋገረ በኋላ 7 ቀን ሳይሞላ ቢመለስ፣ ሰውን አስቸግሯል ተብሎ ይገመታል። አሠሪው እንደማይፈቅድ እያወቀ በሥራ ቦታ መደወል ክልክል ነው። ለጎረቤት፣ ለወዳጅ ወይም ለአለቃ ዕዳውን መንገር ክልክል ነው። ሌላውን ሰው ሊጠይቅ የሚችለው የባለዕዳውን አድራሻ፣ የስልክ ቁጥርና የሥራ ቦታ ለማወቅ ብቻ ነው፤ ያውም በተለምዶ አንድ ጊዜ፣ የዕዳን ስም ሳያነሣ። መስደብ፣ መዛት፣ ጠበቃ ወይም የመንግሥት ሹም ነኝ ብሎ ማታለል ክልክል ነው።

ስለ ፖሊሱ ደግሞ እነሆ፤ በዕዳ ምክንያት መታሰር በፌዴራል ሕግ ከ1833 ጀምሮ ቀርቷል። የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ሒሳብ አልከፈለም ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። ነገር ግን ዳኛ ቅረብ ብሎ ያዘዘው ሰው ሳይቀርብ ቢቀር፣ ባለመቅረቡ ሊያዝ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። ለልጅ ቀለብና ለመንግሥት መቀጫም ሌላ ሥርዓት አለ።

ከሁሉ የሚበልጠው መብት ግን ይህ ነው። ሰብሳቢው ባለዕዳውን መጀመሪያ ካነጋገረበት ጊዜ ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ የራሱን ስምና አድራሻ፣ አበዳሪው ማን እንደ ሆነ፣ የገንዘቡንም ልክ ከነወለዱና ከነተጨማሪው ዘርዝሮ ማስታወቅ አለበት። ባለዕዳው ይህን ከተቀበለ በኋላ 30 ቀን አለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ «አልቀበለውም፣ ማስረጃ ላክልኝ» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ፣ ሰብሳቢው ማስረጃውን እስኪልክ ድረስ ያንን ዕዳ መጠየቁን ማቆም አለበት። በስልክ መናገር ብቻ ይህን ኃይል አያስገኝም፤ ኃይሉ ያለው በጽሑፉ ላይ ነው። በእነዚህ ቀኖች ዝም ያለ ሰውም ዝምታው ብቻ ዕዳውን እንዳመነ ሆኖ በፍርድ ቤት አይቆጠርበትም፤ ሰብሳቢውን የማስቆሙ ዕድል ግን ያልፈዋል።

ያን ማታ የአክስቴን ጠረጴዛ መሳቢያ ስከፍት ከማስታወቂያ ወረቀቶች መካከል ያልተከፈተ ፖስታ አገኘሁ። ማስታወቂያው ያ ነበር፤ ከተጻፈ ገና 12 ቀኑ ነው። «እንግሊዝኛ ስለሆነ አስቀመጥሁት» አሉኝ። የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ጽሑፎቻቸውን በአማርኛም ያወጣሉ፤ ዕዳ ሰብሳቢው ግን በፌዴራሉ ሕግ በአማርኛ የመጻፍ ግዴታ የለበትም። እንግዲህ የ30 ቀኑ መብት በዚያ መሳቢያ ውስጥ ሊሞት የቀረው 18 ቀን ያህል ብቻ ነበር።

ሁለታችን ተቀምጠን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍን። «ይህ ዕዳ የእኔ አይደለም። ማስረጃውን ላኩልኝ። አሠሪዬ ስለማይፈቅድ በሥራ ቦታዬ አትደውሉ።» ቅጂውን አስቀርተን፣ የመቀበያ ደረሰኝ ባለው የአደራ ደብዳቤ ላክነው። 200 ዶላሩም ወደ ቦርሳቸው ተመለሰ። ከ5 ሳምንት በኋላ የሆስፒታሉ ሒሳብ ቅጂ መጣ። ስሙ የአክስቴ ስም፣ የአባት ስሙም የአክስቴ አባት ስም ነው፤ የልደቱም ቀን ጃኑዋሪ 1 ነው። በሽተኛዋ የታከመችበት ቀን ግን አክስቴ ወደዚህ አገር ከመግባታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር! የመግቢያ ማኅተሙን ቅጂ ከሁለተኛ ደብዳቤ ጋራ ላክን። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አልጮኸም።

እዚህ ላይ አንድ መምህር «ይህ ንግግር ሰው ዕዳውን እንዳይከፍል አያስተምርምን?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በእኔ አሳብ የተበደረ ሰው መክፈል አለበት፤ ያላመነ አበዳሪ ነገ ለሌላው አያበድርም። ነገር ግን መክፈል ግዴታ ሲሆን መዋረድ ግዴታ አይደለም። ማስረጃ መጠየቅም መካድ አይደለም። አገራችን ውስጥ ያለ ምስክር ያለ ወረቀት «ክፈል» የሚል ሰው ቢመጣ «ከየት አመጣኸው?» ማለት ነውር አልነበረም፤ እዚህስ ለምን ነውር ይሆናል?

እንዲያውም ዕዳው እውነተኛ ሲሆን ዝምታ ይበልጥ ይጎዳል። አንድ ወዳጄ በመኪና ማቆሚያ ቤት ይሠራል። የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነበረበት፤ ዕዳው የራሱ እንደ ሆነም ያውቃል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ሲመጣለት ከኀፍረት የተነሣ ለማንም ሳያሳይ ከፍራሽ ሥር አስቀመጠው። በቀጠሮው ቀን ስላልቀረበ ዳኛው በሌለበት ፈረዱበት። ጠያቂው ያቀረበው ሒሳብ ትክክል ይሁን አይሁን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ከደመወዙ ላይ ይቆረጥ ጀመር። እርሱ ብቻውን አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ድርጅት በ2020 ባወጣው ጽሑፍ፣ መዝገብ በተገኘባቸው ፍርድ ቤቶች ከዕዳ ክሶች ከመቶ ከ70 በላይ የሚሆኑት ተከሳሹ ሳይከራከር ለከሳሹ የተፈረዱ ናቸው። ቢቀርብ ኖሮ ቢያንስ በየወሩ ስንት መክፈል እንደሚችል ሊስማማ ይችል ነበር። በፌዴራል ሕግ ለእንዲህ ያለው ዕዳ ከተጣራ ደመወዝ ከመቶ 25 በላይ ሊቆረጥ አይችልም፤ ነገር ግን ቤት ኪራይ ለሚከፍል ሰው ከመቶ 25 ቀላል አይደለም።

ስለ አሮጌ ዕዳም አንድ ቃል ልጨምር። ሕግ ለክስ የጊዜ ወሰን አድርጓል፤ ይርጋ የምንለው ነው። በጽሑፍ ለተደረገ ተራ ውል በዋሽንግተን ከተማና በሜሪላንድ 3 ዓመት፣ በቨርጂንያ 5 ዓመት ነው። በ2021ዱ ደንብ መሠረት ሰብሳቢው ይርጋ ባለፈበት ዕዳ መክሰስም እከስሃለሁ ብሎ ማስፈራራትም አይችልም። ሆኖም በአንዳንድ ስቴቶች ባለዕዳው ጥቂት ገንዘብ ቢከፍል ወይም በጽሑፍ ቢያምን ጊዜው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። «ለቅንነትህ ምልክት 20 ዶላር ብቻ ክፈል» የሚለው ለስላሳ ቃል የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ክስ ቢቀርብም ይርጋው እንዳለፈ ማመልከት ያለበት ራሱ ተከሳሹ ነው፤ ካልቀረበ ማን ይናገርለታል?

እኛ ተማሪዎችም ብንሆን ከዚህ የራቅን አይደለንም። ከፌዴራል መንግሥት የምንበደረው የትምህርት ገንዘብ ይርጋ የለውም፤ ያልከፈለም ሰው ያለ ዳኛ ፍርድ ከደመወዙ እስከ ከመቶ 15 ሊቆረጥበት ሕጉ ይፈቅዳል። ከዚህም ሌላ ዘመድ ሲለምነን በይሉኝታ ዋስ ሆነን እንፈርማለን። ዋስ ማለት በአብዛኛው ስቴቶች ባለዕዳው ሳይጠየቅ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚችል ሰው ነው። ለዋሱም ከመፈረሙ በፊት ይህን የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እንዲሰጠው ከ1985 ጀምሮ ተደንግጓል። እባካችሁ ጽሑፉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ሕጉን የጣሰ ሰብሳቢ ምን ይደርስበታል? የተበደለው ሰው በ1 ዓመት ውስጥ ራሱ ሊከሰው ይችላል። የደረሰበትን ጉዳት ከማስከፈሉም በላይ ዳኛው እስከ 1,000 ዶላር ሊጨምሩለት ይችላሉ፤ ቢረታም የጠበቃውን ዋጋ የሚከፍለው ሰብሳቢው ነው። ስለዚህ ድሀም ቢሆን ጠበቃ ሊያገኝ ይችላል። የተደወለበትን ቀንና ሰዓት፣ የተባለውንም ቃል በደብተር መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። አክስቴን «እንክሰሰው» ብላቸው «ከሰው ጋር ስካሰስ ልኑር? ይተወኝ እንጂ» ብለው እምቢ አሉኝ። እኔ አሁንም መክሰስ ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን ስማቸው የእርሳቸው ነውና ፈቃዳቸውን አከበርሁ።

አሁን ልጨርስ ነው። ነገሩ ካለፈ በኋላ አክስቴ ያችን የቡና ጓደኛቸውን ጠርተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሆነውን ነገሯቸው። ወይዘሮዋ ስኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ቆይተውም «እኔንም እኮ ይደውልልኝ ነበር። ይኸው 14 ወር ሆነኝ፣ በየወሩ 40 ዶላር እልክለታለሁ። የምን ዕዳ እንደ ሆነ አላውቀውም፤ አንቺ እንዳትሰሚብኝ ብዬ ነው» አሉ። አስቡት! ሁለት ወዳጆች በየቀኑ በአንድ ረከቦት ዙሪያ ቡና እየጠጡ፣ አንዷ ከአንዷ ደብቃ፣ ለአንድ ዓይነት ፍርሃት ግብር ይከፍሉ ነበር። አንዷ ቀደም ብላ ተናግራ ቢሆን ሌላዋ 560 ዶላር ባላጣች ነበር።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ አሳብ አቀርባለሁ። እኛ እንግሊዝኛ ማንበብ እንችላለን፤ ወላጆቻችንና አክስቶቻችን ግን ፖስታውን በመሳቢያ ውስጥ ያስቀምጣሉ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ሁለት ተማሪዎች በየተራ በዚህ አዳራሽ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ለ2 ሰዓት ብንቀመጥ፣ ወገኖቻችንም ያልከፈቱትን ደብዳቤ ይዘው ቢመጡ፣ አንብበን በአማርኛ እንነግራቸዋለን፤ መልስ የሚያሻውን እንጽፍላቸዋለን፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሆነውን ግን በዚያኑ ቀን በነጻ ወደሚረዱ የሕግ ዐዋቂዎች እንመራቸዋለን። የሰማነውን ምሥጢር ከዚያ ጠረጴዛ እንዳናወጣ ደግሞ እርስ በርሳችን ቃል እንግባ። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ የወረቀትና የቴምብር ብቻ ነው።

አሳቤን የምትደግፉ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን ለጸሐፊው እንድትሰጡ በትሕትና እለምናለሁ። የመጀመሪያውን ቅዳሜ እኔ እቀመጣለሁ። አክስቴም ቡና ሊያፈሉልን ተስማምተዋል።